«ውሻዬ ተናካሽ አይደለም» ከማለትዎ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ሁለት ጎረቤታሞች እየተጨቃጨቁ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። አንደኛዋ የሰባት ዓመት ልጇን እጁን ይዛለች፤ ሌላኛዋ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው። የልጁን ቁስል ከማየቴ በፊት ክርክሩን ሰማሁ። «ይሄ ውሻ ተናካሽ ነው! ለወረዳም ለፖሊስም አመልክቼ አስወግደዋለሁ» ትላለች የልጁ እናት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ልጁ እየበላ ሳለ ነካክቶት ነው እንጂ» ይላሉ ባለውሻዋ።

ሁለቱንም አስቁሜ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ቁስሉ በሳሙና ታጥቧል? አልታጠበም፤ የቡና ዱቄት ተነስንሶበት በሻሽ ታስሯል። ከተነከሰ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ሁለት ሰዓት አልፎታል። ውሻው አሁን የት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት ባለውሻዋ «ይገድሉብኛል» ብለው ፈርተው ውሻውን ሌላ ሰፈር ወዳለ ዘመዳቸው ቤት ልከውታል። የልጁ አጎት ደግሞ ውሻውን ገድሎ ለመገላገል በየመንደሩ እየፈለገው ነበር። አንዱ ወገን ከፍቅር፣ ሌላው ከንዴት ተነስተው ለልጁ ሕክምና እጅግ የሚያስፈልገኝን መረጃ ሊያጠፉብኝ ነበር። ያ መረጃ በሕይወት ያለው ውሻ ራሱ ነው።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው። ጎረቤት በውሻዎ ላይ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ወይም እርስዎ በጎረቤትዎ ውሻ ላይ ሲያመለክቱ፣ «ውሻው አደገኛ ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ክርክር ሁለተኛ መሆን አለበት። መጀመሪያ የተነከሰው ሰው ይታከም፤ ውሻውም በሕይወት ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። ይህን ያደረገ ሰው ጎረቤቱንም ውሻውንም ሊያተርፍ ይችላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። በሕክምናው ሬቢስ የምንለው የእብድ ውሻ በሽታ በበሽታው በተያዘ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ባለ ቫይረስ ይተላለፋል። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚከሰተው ሬቢስ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንት ውስጥ የሚደርስበት፣ እስከ ዓመት የሚቆይበትም ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክትባት ከተሰጠ በሽታውን መከላከል ይቻላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን ታካሚው አይተርፍም ማለት ይቻላል።

ምልክቱ ከታየበት በኋላ የመጣ አንድ ወጣት አይቻለሁ። የነከሰው የራሳቸው ቤት ውሻ ነበር። «የቤታችን ውሻ ነው፣ ትንሽ ጭረት ነው» ብለው ተዉት። ውሃ በብርጭቆ ሲቀርብለት ጉሮሮው እየተኮማተረ ሲጨነቅ፣ እናቱ «መርፌ የለውም ወይ ዶክተር?» ብለው የጠየቁኝን እስከዛሬ አልረሳውም። መርፌው ነበር፤ ጊዜው ግን አልፏል።

ስለዚህ ማንም ሰው በውሻ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ውሻው የማንም ይሁን የማን፣ የመጀመሪያው ሕክምና ቤት ውስጥ ይጀመራል። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። አምስት ደቂቃ እንኳ ረጅም መስሎ ይታያልና ሰዓት ይያዙ። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቅጠል አያድርጉበት። ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው እምነቱ ነውና አልከለክልም፤ ነገር ግን ክትባቱን ሳይጀምር ወይም አቋርጦ አይሂድ።

ሐኪሙ የጉዳቱን ዓይነት ያያል። ውሻው ጤነኛ ቆዳ ላይ ብቻ ከላሰ ክትባት አያስፈልግም። ደም ያልፈሰሰበት ቀላል ጭረት ከሆነ ክትባት ይጀመራል። ቆዳን የበሳ ንክሻ፣ ደም የፈሰሰበት ጭረት ወይም የተላሰ ቁስል ከሆነ ከክትባቱ በተጨማሪ በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ክትባቱን መውሰድ ይችላሉ።

ብዙ ሰው መርፌውን የሚሸሸው የድሮውን እያስታወሰ ነው። ቀደም ሲል በአገራችን ይሰጥ የነበረው ክትባት ሆድ ላይ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ገደማ የሚወጋ ነበር። ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን ተጀምሮ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይቀጥላል፤ እንደ አሰጣጡ በ28ኛው ቀን የሚጨመርበትም ጊዜ አለ። የክትባቱ ታሪክ ራሱ የጀመረው በአንድ ልጅ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ የነከሰውን ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ አተረፈ። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሳይንቲስት ከተሰየመው ተቋም ነው።

አሁን ወደ ውሻው እንመለስ። 10 ቀን የሚባለው ለምንድን ነው? ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ መታየት የሚጀምረው ውሻው ከመታመሙ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በ10ኛው ቀን እየበላ፣ እየጠጣና እየተጫወተ ከተገኘ ግን በነከሰበት ዕለት ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። ልብ ይበሉ፣ ክትባቱ ይጀመራል እንጂ 10 ቀን እስኪሞላ አይጠበቅም።

ውሻው ተገድሎ ከተጣለ ወይም ከተሰወረ ይህን ማወቅ አንችልም። ተነካሹም ክትባቱን ሁሉ መጨረስ ይኖርበታል፤ ቤተሰቡም ለወራት በስጋት ይኖራል። ውሻው በጥበቃ ላይ እያለ ከሞተ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ፣ ራሱን ሳይመቱና ሳይቀብሩ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ባለውሻ ከሆኑ የምመክርዎ እንግዲህ ይህ ነው። ስለ ውሻዎ መከራከር መብትዎ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው ግቢውን መጠበቁ ተፈጥሮው ነው፤ የጮኸ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ነገር ግን ክርክርዎ በማስረጃ ይሁን። የመጀመሪያው ማስረጃ በየዓመቱ የሚታደስ የክትባት ካርድ ነው። ሁለተኛው ውሻውን ደብቀው ሳይሆን በግቢዎ አስረው፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳይተው 10 ቀን ማስጠበቅዎ ነው። ሦስተኛው የተጎዳውን ሰው ራስዎ ወደ ሕክምና ይዘው መሄድዎ ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥር ቢያመልጥ እንኳ ባለቤቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «ልጁ ነካክቶት ነው» የሚለው መልስ ከኃላፊነት ነፃ ያወጣኛል ብለው አይተማመኑ።

በየበሩ ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ እንለጥፋለን። ጎረቤት ሲከሰን ደግሞ «ውሻዬ ተናካሽ አይደለም» እንላለን። ማስታወቂያው በሩን መዝጋትን አይተካም። ማንበብ የማይችል ሕፃን ያልፋል፤ ኳስም ግቢ ውስጥ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚታሰር፣ የሚራብና የሚደበደብ ውሻ ሲፈታ ለመንከስ እንደሚቀርብም አይርሱ።

አቤቱታ የሚያቀርቡ ከሆነም አንድ ነገር ልለምንዎ። ሲያመለክቱ ይህን በግልጽ ይናገሩ፦ ውሻው መቼ፣ የት፣ ማንን ነከሰ? ሰው ሳይነካው ነው የነከሰው? ከዚህ በፊትስ? ጠባዩ በድንገት ተለውጧል? ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድምፁ ተቀይሯል፣ መዋጥ አቅቶታል፣ መንጋጋው ተንጠልጥሏል? በሬቢስ የተያዘ ውሻ ሁልጊዜ አይቆጣም፤ ጨለማ ቦታ ተደብቆ የሚደክምም አለ። «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብለው አፉ ውስጥ እጅዎን አይክተቱ። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ለእንስሳት ሐኪም በፍጥነት ያሳውቁ፤ ቀርበው ለመያዝ ግን አይሞክሩ።

በአሜሪካ ባሉ ብዙ ከተሞች ጎረቤት ሲያመለክት ባለሥልጣን ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ውሻው «አደገኛ» ተብሎ ይመዘገብ እንደሆነ ይወስናል። ባለቤቱም ይግባኝ የሚልበት መንገድ አለው። ከተመዘገበ ውሻው አፉ ታስሮ እንዲወጣና ግቢው በሚገባ እንዲታጠር ይገደዳል። ሰው የነከሰ ውሻ 10 ቀን ተለይቶ መጠበቁም እዚያ የተለመደ አሠራር ነው። የእነሱን ሕግ ሁሉ እንቅዳ አልልም። ነገር ግን በእኛ ወረዳዎች፣ ፖሊስ ጣቢያዎችና እድሮች የውሻ ጉዳይ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይገደል ወይስ ይኑር?» መሆኑ ሊቀር ይገባል ባይ ነኝ። «ተነካሹ ክትባት ጀምሯል? ውሻው ታስሯል? ተከትቧል? 10 ቀን ማን ይጠብቀዋል?» የሚሉት ይቅደሙ። ፍርዱ ከ10 ቀን በኋላ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሳይነካ ደጋግሞ የሚናከስ ውሻ እንደሆነ ከተረጋገጠ፣ ባለቤቱ ቢያዝንም የሰው ደኅንነት ይቀድማል።

የመጨረሻው መፍትሔ ግን ከክርክሩ በፊት ያለው ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ዓለም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከውሻ በሚተላለፍ ሬቢስ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። በየዓመቱ መስከረም 18 ገደማ የሚከበረው የዓለም የሬቢስ ቀንም ይህንኑ ያስታውሰናል። እድሮቻችን ድንኳንና ወንበር ለመግዛት እንደሚያዋጡ ሁሉ፣ በዓመት አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ጠርተው የሰፈሩን ውሾች ቢያስከትቡ ስንቱን ጭቅጭቅና ስንቱን ሐዘን ባስቀሩ ነበር።

የሰባት ዓመቱ ልጅ ነገር እንዲህ አለቀ። ቁስሉን አጥበን ሕክምናውን በዚያው ዕለት ጀመርን። ባለውሻዋ ብዙ ካመነቱ በኋላ ውሻውን አስመለሱት፤ አጎቱም እንዳይነካው ቃል ገባ። የክትባት ካርዱ ሲታይ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በግቢያቸው ታስሮ የእንስሳት ሐኪም ሲያየው ሰነበተ። በየቀኑ ማታ የልጁ እናት ደጃፉ ላይ መጥታ «በላ ወይ?» ብላ ትጠይቅ እንደነበር ነገሩኝ። ውሻው 10ኛውን ቀን በጤና አለፈ፤ ልጁም ሦስተኛውን መርፌ ወስዶ ስለነበር የቀረውን አቆምንለት።

ባለውሻዋ ከዚያ በኋላ ውሻውን አስከተቡ፣ የበራቸውንም መቀርቀሪያ አሠሩ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያሳዩኝ ሲመጡ አንድ ላይ ነበሩ። ክርክራቸው አላለቀም፤ አንደኛዋ አሁንም «ተናካሽ ነው» ትላለች፣ ሌላኛዋም «አይደለም» ይላሉ። ልጁ ደህና ስለሆነ ግን ሁለቱም ጊዜ አላቸው። እርስዎም ካርዱን ዛሬ ፈልገው ቀኑን ይመልከቱ።