«ካልተመቸህ ልቀቅ» ስለሚባለው ክርክር

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሐይቅ ይደርሳል። ከዚያም አልፎ የአምባሰልን ዋና ከተማ ውጫሌን ያገኛል። ሐይቅን በእስጢፋኖስ ገዳምና በውሃዋ፥ ውጫሌን በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፥ አምባሰልንም በስሙ በሚጠራው ቅኝት የማያውቅ የተማረ ሰው አይገኝም። በአስፋልቱ ዳር የቆሙትን ፎቆችና ሱቆች ተመልክቶ «ከተሞቹ አድገዋል» ብሎ ማለፍም የተለመደ ነው፤ ማደጋቸውም ሐሰት አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ልንናገርላቸው ያሰብነው ከሱቁ ጀርባ ስላሉት፥ በቆርቆሮ በር ተገብቶ በጠባብ መተላለፊያ ስለሚደረስባቸው የኪራይ ክፍሎች ነው። መምህሩ፥ የጤና ባለሙያው፥ ጸሐፊው፥ ፖሊሱ፥ የቀን ሠራተኛውና ከገጠር የመጣው ተማሪ የሚያድሩት በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነውና።

ክፍሉ እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ስለ አከራይና ስለ ተከራይ ጠብ ሊፈርድ አይችልም። ስለዚህ አስቀድመን ይህንን እንግለጽ። ጕድጓድ ተቈፍሮ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ ቋሚው በማገር ይያያዛል፤ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከላይም ቆርቆሮ ይመታል። ይህ አሠራር በራሱ ነውር የለበትም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በጭቃ ቤት ኖረው አርጅተዋል፤ በደንብ የተሠራና የሚጠገን የጭቃ ቤት የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ በመከላከል ከብሎኬት ቤት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የጭቃ ቤት ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንደኛው ከመሬት የሚወጣው እርጥበት፥ ሁለተኛው ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ነው። በግድግዳው ግርጌ ድንጋይ ያልተካበ እንደ ሆነ ቋሚው በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል፥ ምስጥም ይጨርሰዋል። የጣራው ክፈፍ አጭር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ዝናቡ ግድግዳውን እየጋረፈ ምርጉን ያወርደዋል። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ይህንን ስለሚያውቅ ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን ይመርጋል፥ የላላውን ምስማር ያጠብቃል፥ ውሃ መውረጃውን ይጠርጋል።

ለኪራይ ተብሎ በሚሠራው ክፍል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክፈፉ የሚያጥረው ቆርቆሮ ለመቈጠብ ነው። የግርጌው ድንጋይ የሚቀረው የግንበኛ ዋጋ ለመቈጠብ ነው። ዓመታዊው ምርግ የሚቀረው ግን፥ ደፍረን እንናገረው፥ ዝናቡ የሚያርፈው በሌላ ሰው አልጋ ላይ ስለ ሆነ ነው። ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ይወጠርና «ኮርኒስ አለው» ተብሎ ኪራይ ይጨመርበታል። ስምንትና አሥር ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ አንድ ሽንት ቤት ተቈፍሮ፥ እርሱም በሞላ ጊዜ መቼ እንደሚመጠጥ የሚጠይቅ ሰው እንደ ነገረኛ ይቈጠራል። መስኮት የሌለው ክፍል እንኳ አለ። ብርሃን ሲያምረው በሩን ይከፍታል፤ በሩን ሲከፍት የግቢው ጭስ ይገባል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑን ተማሪዎቹ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያላገኘ የአምባሰልና የተሁለደሬ ገበሬ ልጁን ወደ ከተማ ይልካል። ልጁም ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ አገሩ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በጥንት ዘመን ወደ ሐይቅ ገዳም ለትምህርት የሚመጣ የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ይቀልስ ነበር፤ ጎጆው ቢያፈስ የሚወቅሰው ራሱን ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን አባቱ በግ ሸጦ የሰጠውን ገንዘብ እየከፈለ ደብተሩ በውሃ ይርስበታል። በእርጥብ መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ አራት ሆኖ ተጠጋግቶ መተኛት፥ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል መሳል የሳንባ በሽታ መተላለፊያ መሆኑን ያስተማርነው እኛው ነን። በክፍል ውስጥ እያስተማርን በመኝታው ዝም ካልነው ትምህርቱ የማን ነው?

ተከራዩ አንድ ቀን ደፍሮ «እማማ፥ ጣራው እኮ ያፈሳል» ሲል የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ልጄ፥ ካልተመቸህ ልቀቅ!» ይህች አነስተኛ ዓረፍተ ነገር በከተሞቻችን ከሕግ በላይ የምትሠራ ሆናለችና ጥቂት እንመርምራት።

በመጀመሪያ፥ «ካልተመቸህ» የሚለው ቃል ቤቱ እንደማይመች ባለቤቱ ማመኑን ይገልጻል። በሁለተኛ፥ «ልቀቅ» ማለት የሚገባበት ሌላ ቤት ሲኖር ነው። የሚቀጥለው ግቢ ክፍል በዚያው እንጨት፥ በዚያው ጭቃ፥ በዚያው አሳብ የተሠራ ነው፤ ተከራዩ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ በዞረ ቍጥር ኪራዩ ይጨምርበታል፤ የለቀቀውም ክፍል ሳይጠገን በበለጠ ዋጋ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ ቃሉ ምክር አይደለም፤ የገበያ ብልኀት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከቃሉ ሥር ያለው አሳብ ነው። አሳቡም ቤት ማከራየት እንደ ምጽዋት፥ መከራየትም እንደ ማደሪያ ልመና መቈጠሩ ነው። ለእግዜር እንግዳ መደብ ለቆ ማሳደር የወሎ ሰው የታወቀ ደግነት ነው፤ እንግዳም ስለ መኝታው ጥራት አይከራከርም። በወሩ መጨረሻ ገንዘብ የሚቈጥር ሰው ግን እንግዳ አይደለም። ጤፍ ውስጥ አሸዋ ቀላቅሎ የሸጠ ነጋዴ «ካልጣመህ አትብላ» ቢል ማን ይቀበለዋል?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራዩ ቤቱን ለታሰበው አገልግሎት በሚያመች ሁኔታ እንዲያስረክብ፥ የኪራዩም ዘመን እስኪፈጸም በደኅና ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዝዘዋል። እንደ በር፥ እንደ መስኮትና እንደ ቧንቧ ያሉትን ጥቃቅን ጥገናዎች በተከራዩ ላይ ቢያደርግም፥ በእርጅና ምክንያት የመጣውን ብልሽት ግን አይጭንበትም። ይህ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የውጫሌና የሐይቅ ተከራይ ግን ሕጉ ስለ ቤቱ የሚናገር አይመስለውም፤ ምክንያቱም በእጁ ወረቀት የለውም።

ስለ ወረቀት ካነሣን አይቀር፥ ይህ ነገር የሚሆነው በውጫሌ መሆኑ ራሱ ያስገርማል። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፥ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ በመገኘቱ ነገሩ እስከ ዓድዋ እንዳደረሰን ልጆቻችንን እናስተምራለን። በዚያ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ነበሩ። በዛሬው የኪራይ ውላችን ግን አንድም የለም! አከራይዋ «ሲገባ ጣራው ደኅና ነበር» ትላለች፤ ተከራዩ «ስገባም ያፈስ ነበር» ይላል፤ ሽማግሌ ቢቀመጥም የሚመለከተው ማስረጃ ስለሌለው «ተቻቻሉ» ብሎ ይነሣል። መቻቻሉም የሚወድቀው በሚያፈስበት ሰው ላይ ነው።

እዚህ ላይ የአከራዩን ወገን ሳንሰማ ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። በእነዚህ ከተሞች የሚያከራይ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። ባልዋ የሞተባት፥ ጡረታም የሌላት እናት በግቢዋ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይታ ትኖርበታለች፤ ኪራዩ ዘይትና ስኳር ነው። የቆርቆሮና የምስማር ዋጋ የት እንደ ደረሰ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ ባለፈ ጊዜም ብዙ ሰው ንብረቱን አጥቷል። እንዲህ ላለችው እናት የምንመልሰው ጭቃና ጭድ ከቆርቆሮ እንደሚረክሱ ነው። ተከራዮቹ ብርቱ ወጣቶች ናቸው፤ ጭዱን አምጥታ «ኑ እንመርግ፥ ከኪራዩም እቀንሳለሁ» ብትል እምቢ የሚላት አይኖርም። ዐሥራ አምስት ክፍል ሠርቶ እርሱ ደሴ የሚኖረው፥ ኪራዩንም በስልክ የሚቀበለው ሰው ግን ከእርሷ ጀርባ እንዲሸሸግ አንፈቅድለትም። ለዚህ ሰው መንግሥት አስቀድሞ አስቦለታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 ሲወጣ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው ግማሹ ለእድሳት፥ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ከግብር እንዲቀነስለት ደንግጎ ነበር። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ለጥገና ተብሎ የተቀነሰው ገንዘብ በየትኛው ግድግዳ ላይ ተመረገ?

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «መድኃኒቱ ቤቱን ከግለሰብ መውሰድ ነው» ይላሉ። ይህ ተሞክሯል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑትም ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድኻው በእውነት እፎይታ ነበር። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና የማይበቃ፥ ቀበሌው «በጀት የለኝም» የሚል፥ ተከራዩም «የመንግሥት ነው» ብሎ የሚተወው ሆነና ቤቶቹ በቆሙበት አረጁ። የቀበሌ ቤት የሚለው ስም ዛሬ በጆሯችን ምን ዓይነት ቤት እንደሚያሳስብ አንባቢ ያውቀዋል። ከዚህ የምንረዳው ባለቤቱ ግለሰብም ይሁን መንግሥት፥ ጥገናው የማን እንደ ሆነ ተለይቶ ካልታወቀ ጣራው ማፍሰሱን እንደማይተው ነው።

ሀብታም በተባለው አገርም ቢሆን ነገሩ በቀላሉ አልተፈጸመም። በእንግሊዝ አገር ለድኻ የሚከራይ ቤት ለሰው መኖሪያ የሚገባ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1885 ተደንግጎ ነበር። ሆኖም ሕጉ የሚሠራው ኪራያቸው ከተወሰነ ገንዘብ በማይበልጥ ቤቶች ላይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የተተመነው መጠን፥ ለለንደን በዓመት 80 ፓውንድ፥ ለሌላው ቦታ 52 ፓውንድ፥ ሳይሻሻል ስለ ቀረ እንዲህ የረከሰ ቤት ጠፍቶ ሕጉ የሚጠብቀው ሰው አጣ። የተስተካከለው በ2018 በወጣ አዲስ ሕግ ነው። በ2020 ደግሞ በሮችዴል ከተማ የሁለት ዓመት ሕፃን በኪራይ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በበቀለ ሻጋታ ምክንያት ሞተ። አባትየው ለዓመታት ሲያመለክት የተሰጠው ምክር ቀለም ቀባበት የሚል ነበር፤ የዚያ አገር «ካልተመቸህ ልቀቅ» መሆኑ ነው። በ2023 አከራይ ድርጅቶች ሻጋታንና እርጥበትን በተወሰነ ቀን እንዲያስወግዱ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ በሕፃኑም ስም ይጠራል። እኛ ሕግ በልጅ ስም እስኪጠራ መጠበቅ አይገባንም።

ለተከራዩም የምንለው አለን፤ አንዳንዱ እንደሚመስለው ኪራይ የከፈለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የልብስ እጣቢ በግድግዳው ግርጌ የሚደፋ ተከራይ ቋሚውን በገዛ እጁ ያበሰብሰዋል። ጣራው በሰኔ አንድ ጠብታ ሲያንጠባጥብ ዝም ብሎ ከሥሩ ጣሳ አስቀምጦ፥ ነሐሴ ላይ ማገሩ ሲረግፍ የሚጮኽ ሰው ጥፋቱን ከአከራዩ ጋር ይካፈላል። ሲለቅ አምፖሉንና ቁልፉን ነቅሎ የሚሄደውንም እናውቀዋለን፤ መምህርም ሆኖ ይህን የሚያደርግ አይተናል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዞ የሚተኛው ደግሞ የሚበድለው ቤቱን ብቻ አይደለም፥ ሳይነቃ ሊቀር ይችላልና።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ በዋጋው ላይ ሆኖ የቤቱ ነገር እንዳይረሳ እንሠጋለን፤ ዋጋ መጨመር የተከለከለ አከራይ ትርፉን የሚፈልገው ከምርጉ ነውና። ስለዚህ የሐይቅና የውጫሌ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጁ በከተማቸው እንዴት እንደሚፈጸም ሲመክሩ ከውሉ ጋር አንድ ገጽ እንዲያያይዙ እንጠይቃለን። በዚያ ገጽ ላይ ጣራው፥ ግድግዳው፥ ወለሉ፥ መስኮቱ፥ ሽንት ቤቱና የውሃ መውረጃው በርክክቡ ቀን በምን ሁኔታ እንደ ነበሩ ይጻፍ፤ ሁለቱ ይፈርሙበት፤ ማንበብ ለማይችለው ይነበብለት። ለምስክርነት ከመንደሩ ቅሬ አንድ ሽማግሌ ይበቃል፤ የቅሬ ሰዎች በለቅሶም በድግስም ከየቤቱ ስለሚገቡ የማን ጣራ እንደሚያፈስ ከማንም መሥሪያ ቤት ይልቅ ያውቃሉ። ምርጉና የጣራው ጥገና በየዓመቱ እስከ ግንቦት 30 ቀን እንዲፈጸም ይወሰን። አከራዩ ሳያደርገው የቀረ እንደ ሆነ ተከራዩ በቅሬው ሽማግሌ ፊት አስጠግኖ ወጪውን ከኪራዩ እንዲቀንስ በውሉ ውስጥ ይግባ።

አዲስ የተመደቡ መምህራንና ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ቤት ፍለጋ በየግቢው የሚዞሩት መስከረም ሲጠባ ነው። ወረቀቱ ከዚያ በፊት ተባዝቶ በማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ክፍል መገኘት አለበት።