ፍል ውኃ ሁሉ መታጠቢያ አይደለም

የድሬዳዋ ሰው ፍል ውኃን ያውቃል። ከከተማችን በስተምዕራብ በሚገኘው በኤረር ፍል ውኃ ታጥቦ ከሕመሙ ፈውስ የሚሻው ብዙ ነው። እንግዲህ ወደ ዐፋር በረሃ ለጉብኝት የሚሄደው ወገናችን የአላሎባድንም ውኃ እንደ ኤረር እንዳይቈጥረው ልናሳስብ እንወዳለን።

አላሎባድ የሚገኘው ከሎግያ ከተማ አቅራቢያ ነው። በሚኤሶ፥ በአዋሽና በገዋኔ በኩል ያለውን ረጅም መንገድ ተጉዞ የደረሰ ሰው ውኃው ሲንተከተክ፥ አልፎ አልፎም ወደ ላይ ሲፈናጠር ያገኘዋል። ይኸውም ወደ ምድር ውስጥ የሰረገው ውኃ በጋለ ዐለት ስለሚሞቅ ነው። በጥልቁ ያለው ውኃ ከበላዩ ያለው ስለሚጫነው፥ ሙቀቱ መቶ ዲግሪ አልፎ እንኳ ቶሎ አይፈላም፤ ጫናው በቀለለ ጊዜ ግን በድንገት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ በተንዳሆ በተቈፈሩት ጉድጓዶች ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተለክቷል።

በምንጩ ዙሪያ ያለው ቅርፊት ደረቅ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የፈላ ውኃ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ያለ ዐፋር መሪ ወደዚያ መቅረብ ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም። በመሪው ዋጋ መከራከርም አይገባም፤ የሚከፈለው ለድካሙ ብቻ ሳይሆን ለዕውቀቱም ነውና። ጐብኚ የሚጠሩ ሁሉ ደግሞ ከማስታወቂያው በፊት አጥርንና መተላለፊያን ያስቀድሙ።

የአገርን ጸጋ ማየት መልካም ነው፤ አይቶ በደኅና መመለስ ግን ይበልጣል።