ወረቀት የሌለው ሽማግሌ

የገና አባት ከፊልም ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ አልበርት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1898 በሠራት፣ አንዲት ደቂቃ ገደማ በምትፈጅ ፊልም ውስጥ ሽማግሌው በጭስ መውጫው ወርዶ፣ የተኙትን ሕፃናት ካልሲ በስጦታ ሞልቶ ይሰወራል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተዋናይ ያን ቀይ ካባ ደረበ! «ከሁሉ የቱን ትመርጣለህ?» ብባል ግን መልሴ አንድ ነው፤ ጆርጅ ሲተን ጽፎ ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1947 ለእይታ በበቃው «ተአምር በ34ኛው ጎዳና» በተሰኘው ፊልም ክሪስ ክሪንግልን ሆኖ የተጫወተው ኤድመንድ ግዌን።

ግዌን በዚህ ሚናው በረዳት ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። እኔን የማረከኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። በፊልሙ ውስጥ የሚበር አጋዘን የለም፤ በጭስ መውጫ የሚወርድም የለም። ክሪስ በኒው ዮርኩ ሜሲስ መደብር ተቀጥሮ ሕፃናትን የሚያነጋግር ጺማም ሽማግሌ ነው። መደብሩ የሌለውን አሻንጉሊት የምትፈልግ እናት ስትመጣ፣ የት እንደምታገኘው ነግሮ ወደ ሌላ መደብር ይልካታል። ከሆላንድ የመጣች፣ እንግሊዝኛ የማትሰማ ሙት ልጅ ፊቱ ስትቀርብ በገዛ ቋንቋዋ ያናግራታል፣ አብሯት ይዘምራል። በዚህ ዓይነት ተረት እንዳታምን ተደርጋ ያደገችው ትንሿ ሱዛን (ናታሊ ዉድ) ቆማ ትመለከታለች፤ ማመን የምትጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው። ሽማግሌው በእርግጥ የገና አባት ይሁን ወይም ደግነት ያሳበደው ሰው፣ ፊልሙ ቁርጡን አይነግረንም።

ሌሎቹን አልንቅም። ቲም አለን በ1994ቱ ፊልም ካባውን ሲደርብ ሳያነበው የገባበት ውል ይይዘውና ጺሙ ቢላጭም መልሶ ይበቅላል፤ ያስቃል፣ ነገር ግን እዚያ ሰውየውን የሚሠራው ካባው ነው። በ2003 ቢሊ ቦብ ቶርንተን የተጫወተው ሰካራምና ካዝና ሰባሪ የገና አባት ለባንክ ሠራተኛ አስፈሪ ቢሆንም፣ የአንድ ብቸኛ ልጅ እምነት ሲያሳፍረው ማየት ግሩም ነው። በ2019 የወጣው «ክላውስ» ደግሞ ሽማግሌውን አሻንጉሊት ጠራቢ ሐዘንተኛ አድርጎ፣ ዝናውን ለአንድ ሰነፍ የፖስታ ሠራተኛ እጅ ይሰጣል። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቴ ወደ ግዌን ስመለስ ይገለጣል።

ክሪስ «እኔ የገና አባት ነኝ» በማለቱ እንደ እብድ ተቆጥሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጠበቃው ማስረጃ ይጠየቃል። መፍትሔው የሚመጣው ግን ከጠበቃው አይደለም፤ ከአንድ ተራ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ደብዳቤ ሲለይ ወደ ፍርድ ቤቱ ለክሪስ የተላከ አንድ ደብዳቤ ያገኛል። «ለገና አባት» ተብለው የተከማቹትን ሁሉስ ለምን ወደዚያ አንልካቸውም? ይላል። ደብዳቤዎቹ በከረጢት እየመጡ በዳኛው ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋሉ። የመንግሥት ፖስታ ቤት ያወቀውን ሰው ፍርድ ቤቱ አላውቅህም ሊለው አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የገና ዋዜማ ዕለት፣ አንድ አዛውንት በመስኮቴ ፊት ቆሙ። ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ ነበር። የሚስጥር ቁጥሩን በትክክል ነገሩኝ፤ የመታወቂያቸው ጊዜ ግን ካለፈ ቆይቷል። «አባቴ፣ በዚህ ልንከፍልዎት አንችልም» አልኋቸው። «ልጄ፣ ያለፈበት ወረቀቱ ነው እንጂ እኔማ አለሁ» አሉኝ። ሰልፉ ረዝሞ ነበር፤ ተከታዩን ጠራሁ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ደንብ አልጣስሁም። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛም አልጣሰም። እርሱም ቢሆን ቅዱስ አልነበረም፤ ያሰበው መጋዘኑን ለማቅለል ነው። ቢሆንም «ይህ ደብዳቤ የት ሊደርስ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ግን ደንቡ የሚከለክለውን እንጂ የሚፈቅደውን አልፈለግሁም። ኃላፊዬን ማማከር፣ ወደ ቀበሌያቸው ደውሎ መጠየቅ፣ ቢያንስ ወንበር መሳብ እችል ነበር።

ፊልሙ በ1994 እንደገና ሲሠራ ክሪስን የተጫወተው ሪቻርድ አተንቦሮ ነው፤ ሞገሱ አይካድም። በዚያኛው ግን ዳኛውን የሚያሳምነው «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚል ጽሑፍ ያለባት የአንድ ዶላር ኖት ናት። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ይህ ማስረጃ ሊጥመው በተገባ። እኔን አልጣመኝም። ብር እውነተኛ መሆኑን በብርሃን አስጠግቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሰው ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም። የልጆች እጅ የጻፈው፣ የአንድ ተራ ሠራተኛ እጅ ያደረሰው ደብዳቤ ይበልጥብኛል።

በ1947ቱ ፊልም መጨረሻ ሱዛን በተመኘችው ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ምርኩዝ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። የማን እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን የለም። የገና ዋዜማ በመጣ ቁጥር ይህን ትዕይንት አያለሁ፤ ከበዓሉ በኋላም መስኮቴን ስከፍት ዓይኔ ከሰልፉ መካከል ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ይፈልጋል።