ቀማሽ የለንም ወይ?

ይህ ጽሑፍ መልስ ነው። መልሱም «የእኛ ሰው መብላትና መጠጣት እንጂ መቅመስ አያውቅም፤ ሒስ የሌለንም ለዚህ ነው» ላለኝ ገጣሚ ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። እናንተ አንባብያን ደግሞ በመካከላችን ፍረዱ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሲጋር ነው። ሲጋር ስል በወረቀት የተጠቀለለውን፣ እነ ኒያላን ማለቴ አይደለም። ከሆዱ እስከ ልባሱ ቅጠል ብቻ የሆነውን፣ በእጅ የሚጠቀለለውን፣ በፊልም ላይ በባለጸጎች ከንፈር መካከል የምናየውን ነው። ባለፈው ጥር ከባሕር ማዶ ለጥየቃ የመጣው የአክስቴ ልጅ ሰንበቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። እኔ አጫሽ አይደለሁም፤ እሱም ያውቃል። «ገጣሚ ነህ ብዬ ነው፤ ለታሪኩ ያህል» አለኝ። ከማሸጊያው ሲያወጣው ግን ግራ ተጋባሁ። የማውቀው ሲጋር ቡናማ ነው፤ ይህኛው አረንጓዴ ነበር። አብሮን የተቀመጠው አጎቴ ዕድሜውን በጫት ንግድ የፈጀ ሰው ነውና ተቀብሎ አገላበጠው። «ልጄ፣ ይኼ ጫት ነው ትምባሆ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከሲጋሩ ጋር አንዲት ወረቀት ነበረች። ባለሙያ ቀማሽ የሰጠው ፍርድ ነው። የአክስቴ ልጅ እያነበበ ተረጎመልን፦ መጀመሪያ ላይ አዲስ የታጨደ ሣር፣ ቀጥሎ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ የወተት ልስላሴ፣ በመጨረሻው ሲሶ ላይ የቆዳ ሽታ፤ ነጥብ፣ 88 ከ100። ማታ ይህንኑ ለወዳጄ በስልክ ባነብለት ከላይ የጠቀስሁትን ቃል ተናገረኝ። «አየህ የሠለጠነ ምላስ! የእኛ ሰው ‹ይጥማል፣ አይጥምም› ከማለት አልፎ ያውቃል?» ሲል ጨመረበት።

አስቀድሜ ለባዕዱ ቀማሽ የሚገባውን ልስጥ። ሥራው ቀልድ አይደለም። ሲጋር ሦስት ነገር ነው፤ ሆዱን የሚሞላው ቅጠል፣ ያንን አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል፣ ከሁሉም በላይ የሚለብሰው መጠቅለያ ቅጠል። ልባሱ ስስ ነው፤ ነገር ግን ከጣዕሙ ብዙው ከእርሱ ይመጣል ይላሉ አዋቂዎቹ። ስለዚህም በጨርቅ ጥላ ሥር ተኮትኩቶ የሚያድገው የኮኔቲከት ቅጠል አለ፤ ለረጅም ጊዜ ተብላልቶ የሚጠቁረው ማዱሮ አለ፤ ከካሜሩንና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚሄደውና በዓለም ስመ ጥር የሆነው አለ። የእኔው አረንጓዴ ካንዴላ ይባላል። አረንጓዴነቱ የቀለም ሥራ አይደለም። ሌላው ቅጠል በማድረቂያ ቤት ተሰቅሎ፣ ሳምንታት ቆይቶ፣ ቀስ በቀስ ይቀላል፣ ይቡናማል። ካንዴላን ግን ገና ለምለም ሳለ በሙቀት ኃይል በጥቂት ቀናት ያደርቁታል፤ ክሎሮፊሉ ከውስጡ ሳይወጣ ይቀራል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አሜሪካኖች እጅግ ይወዱት ነበር፤ ዛሬ ብርቅ ነው።

ቀማሹም ሥርዐት አለው። አይቶ፣ ዳስሶ፣ ሳይለኩሰው አሽትቶ፣ ጫፉን ቆርጦ በባዶው ስቦ፣ ከዚያ ለኩሶ፣ ጣዕሙን በሦስት ሲሶ ከፍሎ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው ሲጋር አፊሲዮናዶ የተባለው መጽሔት ሲያስቀምስ፣ ቀማሹ የማንን ሥራ እንደሚቀምስ እንዳያውቅ የስም ቀለበቱን ያወልቃል። ስሙን ሳያዩ መፍረድ! እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህቺን ብቻ ብንማር ስንት መጽሐፍ በወጉ ይነበብ ነበር።

እንግዲህ ቀመስነው። የአክስቴ ልጅ ለኮሰው፤ እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብሁ፤ ሳልሁ። አፌ ውስጥ የቀረው የጥቅምት ድርቆሽ ሽታና የጎመን ምሬት ነበር። ቆዳ የተባለውን ብፈልገው አላገኘሁትም፤ ስላላገኘሁትም አገኘሁ አልልም። አጎቴ ግን አላጨሰም። የተረፈችውን ሁለተኛ ሲጋር አነሣ፤ ቢላ አስመጥቶ ለሁለት ሰነጠቃት። ልባሱን ለብቻ ላጦ በጣቶቹ አሸና አሸተተ፤ ከሆዱ ቆንጥሮ እንዲሁ አደረገ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ልባሱ ለጋ ነው። ሆዱ የከረመ ነው። ሁለቱ አልተዋወቁም» አለ።

ወዳጄ፣ እባክህ ይህቺን ቃል ቀስ ብለህ አንብባት። ካንዴላ እንዴት እንደሚደርቅ ለአጎቴ ማንም አልነገረውም። ሆኖም ልባሱ በጥድፊያ የደረቀ፣ ውስጡ ግን ተብላልቶ የቆየ መሆኑን በጣቱና በአፍንጫው ደረሰበት። በወረቀቷ ላይ ካሉት አምስት መስመሮች አንዱም ይህን አልተናገረም።

ከየት ተማረው? በእሑድ ገበያ ነዋ! ሰንበቴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በየሳምንቱ እሑድ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ከቆላ የሚወጣው አፋር የሚገናኙበት ገበያ ነው። እዚያ የሚቀምስ እንጂ የሚያደንቅ አታገኙም። ጫት ገዢው በኮባ የተጠቀለለውን እስር ሲቀበል ኮባውን አያመሰግንም። ይፈታዋል፤ ከዳር ያለውን ንቆ ከመሐል ይመዝዛል፤ ሻጭ ቀምበጡን ከዳር፣ ገረባውን ከመሐል እንደሚያስቀምጥ ያውቃልና። ቅቤ ገዢዋ ላይኛውን ትታ እንጨት ወደ መሐሉ ሰድዳ ታወጣለች፣ ታሸታለች። ባለ በሬው ጥርስ ያያል። ከተሳሳቱ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። ሰኞ ጧት በባንክ መስኮቴ ፊት ገንዘቡን ይዘው ሲሰለፉ የማን ምላስ እንደ ሳተ፣ የማን እንደ ቀና ከፊታቸው አነባለሁ።

እኔም በበኩሌ ቀማሽ ነኝ፤ በጣቴ። ሐሰተኛ ኖት ሲነካኝ ዓይኔ ሳያየው ጣቴ ይነግረኛል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኖቶቹ ተቀይረው ባለ 200 ብሩ ሲጨመር ጣቴ ለሳምንታት ደነቆረ፤ ዐዲሱን ወረቀት አንድ ሺህ ጊዜ ዳስሶ እንደገና እስኪማር ድረስ። መቅመስ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ የአገር ጸጋ ሳይሆን የልምድ ፍሬ።

ወዳጄ ሆይ፣ ደግሞስ ቀማሽ ዛሬ የተገኘ መሰለህ? በጥንቱ ግብር አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይጠጣ ነበር፤ ፍርዱን በሕይወቱ ያስይዝ ነበር። በዋሸራና በዋድላ የቅኔ ጉባኤም ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ «ጥልቅ ነው» ብሎ አያሰናብተውም። ቤት ሲጎድል ጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ሲቀር አልገጠመም ይለዋል፤ በጓደኞቹ ፊት። ልባሱና ሆዱ አልተዋወቁም ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ፤ አጎቴን አወድሼ ብቻ ብተው ክርክሬ ጎደሎ ነውና። አጎቴ ያወቀውን አልጻፈውም፤ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ባዕዱ ቀማሽ የበለጠን በምላስ አይደለም፤ በመጻፍ ነው። ቡናችንን ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. የልቀት ዋንጫ የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ሲካሄድ ከ1,400 በላይ ናሙና ቀረበ፤ የራሳችን ቀማሾች እየቀመሱ፣ እየመዘገቡ፣ እያበጠሩ አሳለፉ፤ ከሲዳማ የመጣ ቡናም 91.04 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ያ የገበሬ ሙያ ቀድሞም ነበረ። ሲጻፍለት ግን የሚከራከርበት ማስረጃ አገኘ።

ወረቀቷም የዘለለችው ነገር አለ። አጎቴ በወጣትነቱ በትምባሆ እርሻ የቀን ሠራተኛ ነበር። ጤዛ ያረጠበውን ቅጠል ሲለቅሙ ኒኮቲኑ በቆዳቸው ዘልቆ ያዞራቸው፣ ያስታውካቸው እንደ ነበር ይነግረኛል። ቀማሹ ለበርበሬው ስም አለው፤ ለዚያ እጅ የለውም። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣም አይጽፍም። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማሸጊያ 70 በመቶው የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲይዝ አዟል። ሕጉ ልባሱን እውነት እንዲናገር አስገደደው ማለት ነው! የአጎቴንም ጫት አላሞግስም፤ የስንቱን ከሰዓት በኋላ እንደበላ ሰፈሩ ይመሰክራል። ጣዕሙን የሚናገር ዋጋውንም ይናገር ነው የምለው።

የመጨረሻው ነገር ኑዛዜ ነው። አምና አንድ ባልንጀራዬ የግጥም መድበሉን አሳተመና በጀርባ ሽፋኑ ላይ አስተያየት እንድሰጠው ለመነኝ። ሽፋኑ ያማረ ነበር። ሦስት ግጥሞች አነበብሁና «ጥልቅ፣ ምጡቅ፣ የዘመናችን ድምፅ» ብዬ ጻፍሁ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ቡና እየጠጣን «ለመሆኑ የትኛውን ወደድኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልሁ። እሱም ዝም አለ፤ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ። እስካሁን አልጻፈም ይላሉ። ገበያ ላይ ተሳስቼ ቢሆን የምከፍለው ከኪሴ ነበር፤ ለእኔ ፍርድ የከፈለው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ «ቀማሽ የለንም» አትበለኝ። ቀማሽ አለን፤ እኛ ብዕር የያዝነው ነን ከእነርሱ ያልተማርን። መጽሐፍ ሲሰጡህ እንደ እስር ጫት ፍታው፤ ከመሐሉ ምዘዝ፤ ስሙን ሸፍነህ አንብብ፤ ያላገኘኸውን ቆዳ አገኘሁ አትበል። መረረኝ ካልህም ከየትኛው ስንኝ ላይ እንደ መረረህ ንገረው። መድበሉን ትናንት እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ፤ እርሳስ ይዤ። ስጨርስ ወደ ባልንጀራዬ ቤት እሄዳለሁ።

ልባሱን አድንቆ ሆዱን ያልገለጠ፣
ቀማሽ እንዳትሉት፣ ምላሱን የሸጠ።
እኔም ከነዚያው ነኝ፣ ወዳጅ ያታለልሁ፣
ግጥሙን ሳልቀምስለት «ጣፈጠኝ» ብያለሁ።