ፍልፈል እዚህም አገር አለ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቢሮ ጉዳይና ስለ ወረቀት ነው። ዛሬ ግን ወደ ጓሮ እንወጣለን። ትንሽ ጓሮ ያለው ቤት የደረሳቸው ቤተሰቦች ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ዓይነት ነገር ይነግሩናል፤ ማታ ደልዳላ የነበረው ሣር ጠዋት የአፈር ቁልል ተደርድሮበት ይገኛል፤ ለምለም የነበረው ሽንኩርት ይጠወልጋል፤ ሲነቅሉት ቅጠሉ ብቻ እጅ ላይ ይቀራል።

ይህን የሚያደርገው እንስሳ በዕብራይስጥ ሖሌድ ይባላል። የእኛው ፍልፈል ዘመድ ነው፤ ሊቃውንቱም የኢትዮጵያን ፍልፈልና የዚህን አገር ሖሌድ በአንድ ወገን ይመድቧቸዋል። ልዩነታቸው ዓይን ላይ ነው። የእኛው ፍልፈል ትናንሽም ቢሆኑ ዓይኖች አሉት፤ የሖሌድ ዓይን ግን በቆዳ ተሸፍኖ ከውጭ አይታይም። በጥርሱ ይቆፍራል፣ አፈሩን በራሱ እየገፋ ያወጣል፣ ሥራ ሥር ይበላል። ብቻውን የሚኖር ስለሆነ በአንድ ጓሮ አሥር ቁልል ቢታይ አሥር ሖሌድ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ነው ያን ሁሉ የሠራው።

አሁን በእኛው በኩል የደረሰውን እንንገራችሁ። ከዝግጅት ክፍላችን የአንዳችን እናት ወደ ዒሪያ ደውለው «ጓሮዬ ውስጥ ሑልዳ ገብቷል» አሉ። ሖሌድ ማለታቸው ነበር። ሑልዳ ግን አይጠ መጎጥ ነው። የተላከው ሰው መጥቶ የአይጥ መርዝ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ አስቀምጦ ሄደ፤ ሖሌዱም ሥራውን ቀጠለ። ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የቤቱ ልጅ «መርዙ ትንሽ ሆኖ ነው» ብሎ ከሱቅ ሰማያዊ ፍሬ የሚመስል መርዝ ገዝቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ በተነው። በማግስቱ የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጅ ያንን ፍሬ በእጁ ጨብጦ ተገኘ። ወደ አፉ ማስገባት አለማስገባቱን ያየ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ሕፃኑ በዚያው ቀን ሲሮጥና ሲስቅ ሊውል ይችላል፤ የመድማቱ ምልክት የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ «ደህና ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም። የመርዙን ማሸጊያ ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ወይም 101 መደወል ነው። ሐይፋ በሚገኘው በራምባም ሆስፒታልም ቀንና ሌሊት የሚሠራ የመርዝ መረጃ ማዕከል አለ። የእኛው ልጅ በጊዜ ደርሶ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ በደህና ተመልሷል። የአያቱን ያህል ግን የደነገጠ አልነበረም፤ «እኔ ነኝ በስሙ የተሳሳትኩ» እያሉ ሳምንት ሙሉ አለቀሱ።

በስሙ መሳሳት የሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙ የአገሩ ሰው ሖሌድን ሐፋርፔሬት ይለዋል፤ እውነተኛው ሐፋርፔሬት ግን በእስራኤል የለም። ስትደውሉ «ሖሌድ፣ አፈር የሚቆልለው» ብላችሁ አስረዱ። የአፈር ቁልል ሳይኖር ክፍት የሆኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ከታዩ ደግሞ ናቭራን የሚባለው የሜዳ አይጥ ሊሆን ይችላል፤ የሖሌድ ጉድጓድ ሁልጊዜ የተደፈነ ነው።

ወደ መያዙ እንመለስ። ሖሌዱን በመጨረሻ የያዙት አያትየው ናቸው፤ በዕብራይስጥ ሳይሆን በጎንደር እውቀት። ፍልፈል መንገዱ ሲከፈትበት አይወድም፣ ሊደፍን ይመጣል። ወጥመዱ የሚሠራው በዚህ ጠባዩ ነው። መጀመሪያ ግን 106 ደውላችሁ ዒሪያን ጠይቁ፤ በዚህ አገር ከ1955 ጀምሮ የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ ስላለ፣ ሳይጠይቁ ወጥመድ ማኖር ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ግቢው የጋራ ከሆነ ቫዓድ ባይትም ይወቀው።

ቁልሎቹን ሁሉ በእግር ደልድሉ። በማግስቱ አዲስ፣ እርጥብ አፈር የወጣበት እሱ ያለበት ነው። በሁለት አዳዲስ ቁልሎች መካከል ቀጭን ብረት ሰክታችሁ ፈልጉ፤ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ብረቱ ድንገት ስምጥ ካለ መንገዱ እዚያ ነው። በአካፋ ክፈቱት፣ የገባውን አፈር በእጅ ጥረጉ። መንገዱ በሁለት በኩል ስለሚሄድ ሁለት ወጥመድ ይሻላል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። እንስሳው ጎትቶ እንዳይወስደው ወጥመዱን በሽቦ ከካስማ ጋር እሰሩት። ከላይ የተገለበጠ ሣጥንና ድንጋይ ይደረግበት፤ የሕፃን ጣትና የድመት እግር እንዳይገባ። ጠዋትና ማታ ሳይታይ አይዋል። ስትነኩት ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ ጥርሱ ክፉ ነው።

ጭስ የሚሞክሩ አሉ፤ አንዳንዱ የመኪናውን ጭስ በቱቦ ያስገባል። ይህን አታድርጉ። ሖሌድ ጥቂት አየር ባለበት መኖር የሚችል እንስሳ ነው፣ መንገዱንም በአፈር ይደፍንበታል፤ ጭሱ የሚገድለው ሰውን ነው። ውሃ መልቀቅም ሒሳብ ከመጨመር በቀር ብዙ አይረዳም። አዲስ ችግኝ የምትተክሉ ግን ጉድጓዱን ዝገት በማይበላው፣ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ሽቦ አልብሱት፤ ሥሩ ከጥርስ ይድናል።

በቤት ሼአን ሸለቆ የሚያርሱ ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሜዳ አይጥ እንድትበላላቸው ለቲንሼሜት፣ ማለትም ለጉጉት፣ የእንጨት ቤት ይሰቅላሉ። አገራችን ጉጉት በበጎ አትታይም ነበር፤ እዚህ ግን የገበሬ ወዳጅ ናት። መርዝ የበላ አይጥ ስትበላ እሷም ትመረዛለች። መርዝ የግድ ከሆነ ፈቃድ ያለው ማድቢር ይጠራ፤ ፈቃድህን አሳየኝ ማለትም ነውር የለበትም።

አያትየው ወጥመዱን ካኖሩ በሦስተኛው ጠዋት ሖሌዱ ተያዘ። ይህን የሰማ አንድ ጎረቤት፣ ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ የማይሰጥ፣ መጥቶ ወጥመዱን በምልክት ለመናቸው። እሳቸውም አብረውት ሄደው እንዴት እንደሚቀመጥ አሳዩት። ወጥመዱን እስካሁን አልመለሰም፤ ሽንኩርቱ ግን እንደገና ተተክሏል።