ተራራ የሚሮጠው ለመቅደም ብቻ ነውን?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የሚከተለው አሳቤ በየመሥሪያ ቤቱ ለምንገኝ ሠራተኞች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስለማምን፥ በአንባቢያን ደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአገራችን ሩጫ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ሜዳልያ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ካሸነፈ ወዲህ ሯጭ ማለት ቀዳሚ ማለት ሆኖብናል። ከማራቶን በሚረዝመውና አልትራ ማራቶን በሚባለው ሩጫም ስማችን አልጠፋም። ከተማ ነጋሳ የተባለው ወገናችን ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 50 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ጨርሶ፥ 33 ዓመት የቆየውን የዓለም ምርጥ ሰዓት አሻሽሏል።

ይሁን እንጂ ለመቅደም የማንችለው ሰዎች ምን እናድርግ? ቀኑን ወንበር ላይ የሚውል አንድ ጐልማሳ የመንግሥት ሠራተኛ፥ «በተራራ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ እየተለማመድሁ ነው» ቢል፥ ባልደረቦቹ ይሥቁበታል። እኔንም «ማንን ልትቀድም ነው፥ ጋሼ?» ብለውኛል። በቀልዱ አልተቀየምሁም፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ከመሠረቱ የተሳሳተ ይመስለኛል።

በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል ኮምሬድስ የተባለ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ኮረብታማ ሩጫ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን በ1913 ዓ.ም. ሲጀመር፥ ከተነሡት 34 ሰዎች የጨረሱት 16 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ይሮጡበታል። ቀዳሚዎቹ በአምስት ሰዓት ተኩል ግድም ይደርሳሉ፤ የተፈቀደው ጊዜ ግን 12 ሰዓት ነው። ሕዝቡም የመዝጊያው ተኩስ እስኪሰማ ድረስ ቆሞ የኋለኞቹን ያበረታታል። እዚያ የጨረሰ ሁሉ የተከበረ ነው።

የተራራ ረጅም ሩጫ ጠባይም ይህንኑ ያስተምራል። አብዛኛው ሰው አቀበቱን በእርምጃ ይወጣዋል እንጂ አይሮጠውም። በሰውነት ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስለሚመነምን እየሄዱ መብላት ግድ ነው። ጨው የሌለበትን ውሃ ከመጠን በላይ መጠጣት ለሕይወት ያሠጋል። ቁልቁለቱም ከአቀበቱ ይልቅ የጭንን ሥጋ ይጐዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ዓላማው መድረስ ይሁን።

ይህን ጥበብ ለመማር ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ከቦርከና ወንዝና ከጨፋ ሜዳ በስተ ምዕራብ ግን መሬቱ እየተነሣ ሄዶ፥ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞናችን ወሰን ባሻገር በመንዝ ጓሳ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ለባቲ የሰኞ ገበያ ወይም ለሰንበቴ የእሑድ ገበያ ሸክም ይዘው የሚመጡትን እናቶችና አባቶች እንመልከት። ገና ሳይነጋ ይነሣሉ፤ አቀበት ላይ አይቻኰሉም፤ ጥላ ሲያገኙ ያርፋሉ፤ ቆሏቸውንም ረኃብ ሳይጠናባቸው ይቀምሳሉ፤ የደከመውን ባልንጀራ ጥለው አይሄዱም። ጀማሪ የተራራ ሯጭ ሊይዘው የሚገባው ሕግ ይኸው ነው።

«ገበሬው በችግር የሚሄደውን መንገድ እናንተ ለጨዋታ ትሮጡበታላችሁን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሴ ግን፥ በዚያ መንገድ መውጣት የሚያስፈልገን በዚሁ ምክንያት ነው የሚል ነው። ባለጉዳይ ከተራራ ወርዶ፥ ግማሽ ቀን ተጕዞ ከጽሕፈት ቤታችን በር ሲደርስ፥ «ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለስ» ማለት ለአፍ ይቀላል። ያንን አቀበት በራሱ ጉልበት የወጣ ጸሐፊ ግን፥ «ነገ ተመለስ» የምትለው ቃል ስንት ሰዓት መንገድ እንደምትመዝን ያውቃል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በሚያሠጋን በእኛ በተቀማጮቹ ላይ የሚያመጣው የጤና ጥቅም ሲጨመርበት ትርፉ እጥፍ ይሆናል።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ልምምዱንም በእግር ጉዞ ጀምሮ በብዙ ወራት ቀስ በቀስ ያሳድገው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ግጭትና ጦርነት አካባቢያችን ብዙ ተጐድቷል፤ ስለዚህ ማንም የአገሬውን ሽማግሌዎች ሳይጠይቅና ጓደኛ ሳይዝ ወደ ተራራ አይውጣ።

ስፖርት ጽሕፈት ቤቶቻችንም፥ ሰላሙ ሲጸናና ሁኔታው ሲመች፥ ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣ ሩጫ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። በአዲስ አበባ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ውድድር፥ ሕዝቡ ሽልማት ባያገኝም እንኳ በደስታ እንደሚሮጥ አሳይቷል። እኛ ዘንድም ለቀዳሚዎቹ ዋንጫ ሲሰጥ፥ በተወሰነው ሰዓት ለደረሰ ሁሉ ደግሞ የምስክር ወረቀት ይሰጥ። ያን ጊዜ ባልደረቦቼ «ማንን ልትቀድም ነው?» ማለታቸውን ትተው «መቼ እንነሣ?» እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከከሚሴ