ኮፍያውን አውልቅና ሽማግሌ ላክ!

ከቦሌ የጻፍክልን የ27 ዓመቱ ወንድማችን፣ ፀጉርህ ከግንባርህ እየሸሸ መሆኑን ፍቅረኛህ እንዳታይ ኮፍያ ማጥለቅህ ሳያንስ ሽማግሌ መላኩን ማዘግየትህ አሳዘነን። በየቡቲኩ ለቅባት የከሰከስከው ገንዘብማ ይቅር!

ራሰ በራነት በእናትም በአባትም ዘር ይመጣል። ዲኤችቲ የሚባለው የወንድ ሆርሞን የፀጉሩን ሥር እያቀጨጨ ያሳሳዋል፤ ኮፍያህ የለበትም። (ድንገት ክብ ሆኖ ከተመለጠ ግን ላሽ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።)

ሚኖክሲዲል የተባለው የሚቀባ መድኃኒት ብዙዎችን ይረዳል። መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ቢረግፍ አትደንግጥ፤ ወራት ይፈልጋል። ካቆምከው ግን ያተረፍከው ፀጉር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ የተፈቀደው የፊናስተራይድ ክኒን አንዳንዱን የወሲብ ስሜት ስለሚያሳጣ ያለ ቆዳ ሐኪም እንዳትሞክረው።

ለልጅቷ ግን ከሐኪሙ በፊት ንገራት። ማን ያውቃል፣ ካየችው ቆይታ ይሆናል።